መታጠፊያውን ማን ጀመረው

«አንድ ፊርማ ነው የጠየቅኩህ፤ ግጥም ጻፍልኝ አላልኩህም!»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጥናቷን ቅጽ ወደ እኔ ዘርግታ ነበር። ክንዷ እየዛለ ሲሄድ በሌላው እጇ ደገፈችው እንጂ አላወረደችውም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። በክፍሉ ያለችውን አንዲት ወንበር አዛውንቱ አቦይ ይዘዋታል። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ማን ሲናገር ወደዚያ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ግጥም ብትዪኝ ይቀለኝ ነበር» አልኳት።

«አትቀልድብኝ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። እስከ አምስት ተኩል ማስገባት አለብኝ። ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ አማካሪዬ ወደ አዲስ አበባ ይበራል።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው እውነት አይደለም።»

«እውነት አይደለም ማለት?»

«አንብቢው።»

አላነበበችውም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። «የሌሎቹን ተመልካቾች ሳልጠብቅና ሳልከተል፣ በራሴ ዓይን ያየሁትን ብቻ አመልክቻለሁ» ይላል። ከሥሩ ሦስት የፊርማ ቦታ አለ። የመጀመሪያው ላይ የአቦይ ፊርማ እንደ አላጌ መንገድ ተጠማዝዞ ተቀምጧል። ሁለተኛው የእኔ ቦታ ነው፤ ሦስተኛው የእሷ።

«ስድስት ሳምንት አብረኸኝ ቆመህ ዛሬ ትዝ አለህ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

ወረቀቱን አወረደችው። ይህን ባልናገር ይሻል ነበር። ውሸት ነው ከማለቴ ይልቅ ሦስት ቀን ዝም ማለቴ ነው የጎዳት።

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ውስጥ፣ ተማሪ በሚከራየው ግቢ ነበር የምንኖረው። ስምንት ክፍል በአንድ ረድፍ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የብረት በር። የእሷ ክፍል ሦስተኛው ነው፤ የእኔ የመጨረሻው፣ ከመጸዳጃው ቀጥሎ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወሎ፣ ከቆቦ በኩል መጥቼ መቐለ ውስጥ ሲሚንቶና ሴራሚክ ከጭነት መኪና አወርዳለሁ። በአንድ ዓመት ሦስት ቤትና አራት አሠሪ ቀይሬያለሁ፤ እግሬ አይረጋም። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ተነጥፈው ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት ነው ቤት መምታት የተማርኩት። ገሚሶቹ ሽፋናቸው የተገነጠለ ስለሆነ ማን እንደጻፋቸው እንኳ ሳላውቅ ነው የወደድኳቸው። ማታ ስገባ ትከሻዬ ስለሚቃጠል በሆዴ ተኝቼ ነበር የምጽፈው።

እሷ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። የትምህርት ፈቃድ አግኝታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትሠራ መጣች። የማስረከቢያ ጊዜዋ ሁለቴ ተራዝሞላታል። ሦስተኛ የለም ተብላለች። በዚያ ወር ጥናቷን ካላስረከበች ያለ ዲግሪ ወደ ጠመኔዋ ትመለሳለች። ይህን ያልነገረችው ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም። የነገረችውም አዘኔታ ፈልጋ አይመስለኝም፤ በድምፅ ስትሰማው እንዲያጣድፋት ነው።

አቦይ የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ እኔን ወደይ፣ እሷን ጓለይ ይላሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። እርግቦች በሰማይ ላይ እንዴት እንደሚታጠፉ ልታጠና መሆኗን ስትነግራቸው ሳቁ አሉ። «መታጠፊያ ለእኔ ነው የሚነገረው? የአላጌን መታጠፊያ ሁሉ በስሙ እጠራልሻለሁ!»

ጥያቄዋን ለእኔ የነገረችኝ ቧንቧው ጋ ባልዲ እየሞላን ነው። መንጋው እየዞረ ሳለ ድንገት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይገለበጣሉ፤ ግራጫ የነበረው ነጭ ይሆናል። ከታች ሲያዩት አንድ ትልቅ ነገር በአንድ ጊዜ የታጠፈ ይመስላል። «ግን በአንድ ጊዜ አይደለም» አለችኝ። «መሪም የላቸውም። አንዷ ትጀምራለች፤ ጎረቤቷ ታይና ትታጠፋለች፤ የጎረቤቷ ጎረቤትም እንዲሁ። እኔ ማወቅ የምፈልገው የምትጀምረዋ የት እንደሆነች ነው። ከፊት ናት? ከመሃል? ከጠርዝ? ደግሞ ወሬው መንገድ ላይ እየደከመ ይሄዳል ወይስ ሳይደክም እስከ መጨረሻዋ ይደርሳል?»

ባልዲዬ ሞልቶ ሲፈስ አላየሁትም። እኔ ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ማማ ላይ ቆመን በወንጭፍ ነበር የምንጠብቀው። ድንጋዩ በመንጋው አንድ ጠርዝ በኩል ያልፋል፤ በዚያ ያሉት ይታጠፋሉ። ማዶ ያሉት ግን ድንጋዩን አላዩትም፤ ፉጨቱንም አልሰሙትም። እነሱም ይታጠፋሉ፤ ያውም እንደ መጀመሪያዎቹ ስለታም አድርገው። ያላዩትን ድንጋይ ከየት አምጥተው ነው የሚሸሹት? ይህን ነገርኳት።

ሌላም ነገርኳት። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ጭነት ሳወርድ አንድ ባለሱቅ ለቀብር ቸኩሎ የብረት መዝጊያውን ቁልቁል ሳበ። ጎረቤቱ ድምፁን ሰምቶ ሳበ። ቀጥሎ ያለውም ሳበ። አራተኛውን ኩንታል ሳልጨርስ ረድፉ በሙሉ ተዘጋ፤ ሰው መሮጥ ጀመረ፤ እኔም ሮጥኩ። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ አጠገቤ ያለከልክ የነበረውን ሰውዬ «ምንድን ነው?» አልኩት። «አንተስ ለምን ሮጥክ?» አለኝ።

ቧንቧውን ተደግፋ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጨረሻዬም ሳይሆን አይቀርም። «ሥራ ከጨረስክ በኋላ ከሰዓት ከእኔ ጋር ትቆማለህ?» አለችኝ።

ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታች አንድ ባዶ ሜዳ አለ። ላይ ባሉት የድንጋይ ግንቦች ስንጥቅ የሚያድሩት እርግቦች ፀሐይ ስትቆለቁል ይሰበሰቡና ከመግባታቸው በፊት ከሜዳው በላይ ይዞራሉ። አንዳንዴ ጭልፊት ይመጣል፤ አንዳንዴ ምንም ሳይመጣ ይታጠፋሉ። መጀመሪያ በተዋሰችው ካሜራ ነበር የምትቀርጻቸው። በሁለተኛው ሳምንት ካሜራው ተበላሸ። ስልኳ ደግሞ እርግቦቹን ከዚያ ርቀት ሲያነሣ የተበተነ ጤፍ ነው የሚያስመስላቸው።

መላውን ያመጡት አቦይ ናቸው። ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ሾፌሩ ኋላውን ስለማያይ ረዳቱ ማዶ ቆሞ ጨርቅ ያነሣለታል። «እኛም ጨርቅ እናንሣ» አሉ። የአልጋ ልብሷን ሦስት ቦታ ቀደደችው። አቦይ በሜዳው ምሥራቅ፣ እሷ በምዕራብ፣ እኔ በደቡብ በኩል፤ እያንዳንዳችን በእኛ ወገን ያለውን የመንጋውን ጠርዝ ብቻ እንድናይ። በአንተ በኩል ያሉት መታጠፍ ሲጀምሩ ጨርቅህን ታነሣለህ። ስልኩ በሰሜን በኩል ካብ ላይ ተቀምጦ ሦስታችንን ይቀርጻል። ቤት ስትገባ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋ እያስኬደች የማን ጨርቅ መጀመሪያ እንደተነሣ፣ ከእሱ ቀጥሎ የማን እንደሆነ ትመዘግባለች። ወፎቹን መቅረጽ ባይቻል ወፎቹን የሚያዩትን ሰዎች መቅረጽ ይቻላል፤ ሐሳቡ ያ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። ሲሚንቶ ሳወርድ ስለዋልኩ ዓይኔ ይቆጠቁጠኝ ነበር፤ ቢሆንም አየሁ። መንጋው በእኔ በኩል ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከጠርዝ ያለች አንዲት እርግብ ቀኝ ክንፏን አዘነበለች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ከጎኗ ያለችው አዘነበለች። ከዚያ ነገሩ ሮጠ፤ ነፋስ በስንዴ ማሳ ላይ እንደሚሮጥ፣ ምንም ሳይቀንስ። እጄ ጨርቁን ይዞ ሊነሣ ጀመረ። በዚያው ቅጽበት ማዶ ያሉትን አቦይን አየሁ፤ ጨርቃቸው ገና ጉልበታቸው ጋ ነው። እጄ ወገቤ ላይ ቆመ።

እንደኛ ላላደገ ሰው ይህን እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ገበታ ላይ አባት ሳይቆርስ የሚቆርስ የለም። በር ላይ ሽማግሌ ካለ «ይግቡ»፣ «የለም አንተ ግባ» ሲባባሉ ቆይተው ነው የሚገባው። ለቅሶ ቤት ትልቅ ሰው ሳይቀመጥ ቀድሞ የተቀመጠ ልጅ እናቱን አሰድቧል። ታዲያ አንድ አዛውንት ፊት ለፊቴ ቆመው ሳለ ጨርቄን ከፍ አድርጌ «ከእርስዎ በፊት አየሁ» ማለት! ማንም አልከለከለኝም። እጄ ለዚያ የተሠራ ስላልሆነ ብቻ ነው። ግማሽ ትንፋሽ ጠበቅኳቸው፤ አነሡ፤ አነሣሁ። ግማሽ ትንፋሽ ምን ያደርጋል አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ እየጠበቅኩ መሆኔን ራሴ አላውቀውም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ጽሑፏን ጨርሳ ግቢው ውስጥ ደስታዋን የምትነግረው ሰው ስትፈልግ አገኘችኝ። መታጠፊያው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከምሥራቅ ጠርዝ ነው የሚጀምረው አለችኝ። ምክንያቱንም አግኝታዋለች። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚነሣው፤ በዚያ ጠርዝ ያሉት ቀድመው ይሰማቸዋል፤ ወሬውም ከእነሱ ይነሣል። አማካሪዋ ሲያነበው ከወንበሩ ተነሥቷል አለች። ማብራሪያው ያምር ነበር። እኔ ብጽፈው እኮራበት ነበር። ምሥራቅ ግን አቦይ የቆሙበት ነው።

ያን ቀን «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ረቡዕ እነግራታለሁ አልኩ። ረቡዕ ሁለት መኪና ሴራሚክ መጣ። ሐሙስ እነግራታለሁ አልኩ። ሐሙስ ለመናገር ቀርቶ ጫማዬን ለማውለቅ አቅም አልነበረኝም። ድካም ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ማንም አይጠረጥርህም።

እና ዓርብ ጠዋት፣ ይኸው ወረቀቱ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ?» አለች። ድምፅዋ ወርዶ ነበር፤ ጩኸቱ ይሻለኛል። «ማክሰኞ ብትነግረኝ ሦስት ቀን ነበረኝ።»

«በሦስት ቀን ምን ታደርጊ ነበር?»

«አላውቅም! ግን የእኔ ይሆኑ ነበር፤ ሦስቱ ቀኖች።»

አቦይ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ። «እስቲ ቆዩ። ምንድን ነው ውሸቱ? እኔ ፈርሜያለሁ። እኔ ዋሽቻለሁ እያልክ ነው፣ ወደይ?»

«ኧረ በአላህ፣ አቦይ! እርስዎን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

ወለሉን እያየሁ፣ «እርስዎ ሳያነሡ አላነሣም ነበር» አልኩ። «አንድም ቀን።»

«ለምን?»

«ትልቅ ሰው ነዎት።»

«ዋእ!» አሉ። ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር፤ እሷ ትንፋሿን ስትስብ ሲሰሙ ዋጡት። «ወሎዬ! ሰማይ ላይ ያለች ወፍ እኔን አክብራ ትቆያለች ብለህ ነው?»

እሷ አልሳቀችም። «እሺ» አለች በፍጥነት፣ እንደ አስተማሪ። «አንተ ዘግይተሃል። የአንተን አወጣዋለሁ። በእኔና በአቦይ እሠራለሁ። ምሥራቅና ምዕራብ ይበቃል።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አሁንስ ምንድን ነው?»

«አንቺስ?» አልኳት። «ከሳቸው በፊት አንሥተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ጥናቱን የምሠራው ሰው ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። አንሥተሽ ታውቂያለሽ?»

ወረቀቱን አልጋው ላይ አኖረችው። ከዚያ ስልኳን ከትራሱ ሥር አወጣች። ወደ እሷ ቀርቤ ከትከሻዋ በላይ አየሁ። ሦስት ትናንሽ ሰዎች በአንድ ቢጫ ሜዳ ላይ። ቀስ አድርጋ አስኬደችው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያንን ቪዲዮ ስታይ የምታየው ጨርቆቹን ብቻ ነበር፤ የሚቆጠሩት እነሱ ናቸው። አሁን ፊቶቹን አየች።

ወፍ የሚያይ ሰው አንገቱ ይቀናል፣ አገጩ ይነሣል። የእኔ አገጭ አልተነሣም። ቀጥ ብዬ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አቦይ ነው የማየው። የእሷም አልተነሣም። ከምዕራብ ጫፍ ቆማ፣ እጇ ጨርቁን ጨብጦ፣ ልክ እንደ እኔ ወደ አቦይ ታያለች። ጨርቃቸው ሲነሣ የሁለታችንም ይነሣል፤ መጀመሪያ የእኔ፣ ጥቂት ቆይቶ የእሷ። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ብቻ ነው የቀደምኳት።

ሌላ ቀን አወጣች። ያው ነው። ሌላ። ያው።

«በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ላይ ነበር የማየው» አለች። ለማን እንደምትናገር አላውቅም። «እርግጠኛ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ ነበር።»

የመጀመሪያውን ሳምንት አላወጣችውም።

ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አቆመችና ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበች። «አቦይ» አለች፣ «እርስዎ ለምንድን ነው ወደ መሬት የሚያዩት?»

እኔም አየሁ። የሳቸውም አገጭ አልተነሣም። አጎንብሰው፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው፣ አንድ ጆሯቸውን ለሰማይ ሰጥተው ነው የቆሙት። በየቪዲዮው።

አቦይ ከዘራውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ውጭ ቧንቧው ጋ አንዲት ልጅ ባልዲ አስቀመጠች፤ ውሃው ባዶ ባልዲ ሲመታ ይሰማ ነበር።

«ሲታጠፉ ድምፅ አላቸው» አሉ በመጨረሻ። «የታጠበ ልብስ ሲያራግፉት እንዳለ ዓይነት። ያን ስሰማ አነሣለሁ።»

«አያዩም?»

«ከመኪና ያወረዱኝ በዓይኔ ምክንያት ነው፣ ጓለይ። ሞራ ነው። መጀመሪያ ግራው፣ አሁን ደግሞ ሁለቱም። አንቺን እዚህ ተቀምጠሽ በድምፅሽ ነው የማውቅሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!»

«መጥተሽ ‹አቦይ፣ ዓይንዎን እፈልጋለሁ› አልሽኝ። ስንት ዓመት ሆነ ሰው ከእኔ አንድ ነገር ከፈለገ? በር ክፈት፣ በር ዝጋ ብቻ ነው። ‹ዓይን የለኝም› እንዴት ልበልሽ?» ከዘራቸውን እየዳበሱ ጨመሩ። «‹በራሴ ዓይን› የሚለውን ስታነቢልኝ አፍሬ ነበር። ቢሆንም ፈረምኩ።»

ስድስት ሳምንት ሦስት ተመልካች አቁመን፣ አንዱ አያይም፣ ሁለቱ የማያየውን ሰው ያያሉ። ከላያችን ደግሞ እርግቦቹ ከፈለጉት ጠርዝ እየጀመሩ ሲታጠፉ ነበር፤ የሚያያቸው ሰው አልነበረም።

«አንተ ግን አይተሃል» አለችኝ ድንገት። «ማክሰኞ እንዴት አወቅክ? አይተሃል ማለት ነው። ምን አየህ?»

«አልፎ አልፎ ብቻ። ከጠርዝ ነው የሚጀምሩት። ግን አንድ ጠርዝ አይደለም። አንዳንዴ በእኔ በኩል፣ አንዳንዴ በአንቺ። ጽፌዋለሁ።»

«የት?»

ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁ። ከእጄ ነጠቀችው። ቁጭ ብላ ገጽ በገጽ ገለበጠች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ለአፍታ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ እኔም በሞኝነቴ አብሬ ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ ጠፋ።

«ቀን የለውም» አለች።

«የለውም።»

«‹አንዲቷ ክንፏን ጣል አደረገች፣ ሰማዩ ሁሉ ተከተለ።› መቼ? በስንተኛው ዙር? ጭልፊት ነበር?»

«ግጥም ነው።»

«ግጥም ነው!» ደብተሩን አልጋው ላይ ወረወረችው። «ዓይን ያለው አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም ቀን አይጽፍም!»

አቦይ በጉልበታቸው ላይ እንዳጎነበሱ ነበሩ። ልክ ናት። ስንት ጊዜ ከዚያ ሜዳ ስመለስ የዓለምን ምስጢር ያየሁ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ለመጻፍ ግን አንድ ቁጥር ይበቃኝ ነበር፤ ቁጥር ግጥሙን ያበላሽብኛል ብዬ ተውኩት።

ሰዓቷን አየች። «ለአምስት ሩብ ጉዳይ» አለች። ወረቀቱን ከአልጋው አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስተካከለችው።

«ማንም አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ቪዲዮውን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። አማካሪዬ ተቀብሎታል። እርግብ አይከሰኝም።»

«አይከስሽም» አልኩ።

«ሌላ ሰው ሌላ ጊዜ መጥቶ በጥሩ ካሜራ ያየዋል። ያርመዋል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ትፈርማለህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አልፈርምም አልኩ ብሎ ይጽፍ ነበር። እኔ ብዕሩን ተቀበልኳት። ትከሻዬ ይቃጠል ነበር፤ ጁምዓ ደርሶብኛል፤ ነገሩ እንዲያልቅልኝ ነበር የምፈልገው። እሷም መማሪያ ክፍሏ ውስጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ፊት፣ ያለ ዲግሪ ቆማ ታየችኝ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ብዕሩን ከስሜ ቦታ ላይ አደረግኩ። እና አልጻፍኩም። ቀና ብዬ አቦይን አየሁ። ዞር ስል እሷም እሳቸውን ነው የምታየው። ሁለታችንም ሽማግሌው አንድ ነገር እስኪሉ እየጠበቅን ነበር። «ፈርም፣ ወደይ» ቢሉኝ እፈርም ነበር። «ተው» ቢሉኝ እተው ነበር። እሷም ያንኑ።

ዝምታው ከየት ወደየት እንደሚነፍስ አቦይ ያለ ዓይን አወቁት።

«አትዩኝ!» አሉ። ከዘራቸው ወለሉን መታው። «ሁለታችሁም እኔን አትዩኝ! የማየው ነገር የለኝም አልኳችሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?»

ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁና ሁለቱንም መለስኩላት። ሳታየኝ ተቀበለችኝ።

ወረቀቱን ከጎኗ አኖረችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ጫማዋን አወጣችና ማሰሪያውን ቀስ ብላ፣ በጥንቃቄ፣ ፈተና እንደምትገባ ተማሪ አሰረች። ነጠላዋን ለበሰች። የመዝገብ ደብተሮቿን አንድ በአንድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ስልኳንም።

«አብሽሪ» አልኳት። በእኛ አገር ለሐዘንተኛ የምንለው ነው፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«አማካሪዬ አሁን ቢሮ ይኖራል?» አለች።

«አምስት ሰዓት ገና አልሆነም» አሉ አቦይ። «ከፈጠንሽ ትደርሺበታለሽ።»

«ምን ልትዪው ነው?» አልኳት።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ፊቶቹን አሳየዋለሁ» አለች። ቅጹን አልጋው ላይ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ያለበትን፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ተወችው። አቦይ መንገድ ሊሰጧት እግራቸውን ሰበሰቡ። በአጠገቤ አልፋ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።